ክሩዝ መርከብ ላይ ቲፕ፦ የቱ ተከፍሏል፣ የቱ ቀርቷል?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለ ሐበሻ የባልቲሞር ወደብ ቅርብ ነው፤ ቴክሳስ ላለው ጋልቨስተን አለ፤ ሲያትል ላለው ደግሞ የአላስካው መርከብ ከደጁ ይነሳል። ቤተሰብ ይዞ በክሩዝ መሄድ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ትኬቱ ላይ ጎልቶ የማይታይ፣ ሒሳቡ ላይ ግን የማይቀር አንድ ወጪ አለ፤ እሱም ቲፕ ነው። አንዳንዱ አስቀድሞ የተከፈለውን ሳያውቅ በየቦታው ደግሞ ይሰጣል። ሌላው ደግሞ የመጨረሻ ቀን ደንግጦ "ይሰረዝልኝ" ሊል ይሰለፋል። ሁለቱም የሚመጣው አሠራሩን ካለማወቅ ነው።

መርከብ ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስትገቡ የሚሰጣችሁ ካርድ የካቢናችሁ ቁልፍም መክፈያችሁም ነው፤ የምትወስዱት ሁሉ በስማችሁ በተከፈተ ሒሳብ ላይ ይመዘገባል። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ የተወሰነ ዶላር "ግራቲዩቲ" ወይም "ሰርቪስ ቻርጅ" ብሎ እዚያው ላይ ይጨምራል። ፊርማ የሚጠይቃችሁ የለም። ዝም ካላችሁ ይቆረጣል።

በ2025 (እ.ኤ.አ.) በነበረው ዋጋ፣ ከክሩዝ ኩባንያዎቹ ካርኒቫል ለተራ ካቢን በሰው በቀን 16 ዶላር፣ ለስዊት (ሰፊና ውድ ለሆነው ካቢን) 18 ያስከፍል ነበር። ሮያል ካሪቢያን 18.50 እና 21፣ ኖርዌጂያን ደግሞ 20 እና 25 ነበሩ። ዋጋው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ከፍ ስለሚል የዕለቱን ተመን ከኩባንያው ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ስሌቱ በሰው ነው እንጂ በካቢን አይደለም፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ በጀቱ የሚዛባበት እዚህ ላይ ነው። በሮያል ካሪቢያን አባትና እናት ከሁለት ልጆች ጋር ለሰባት ሌሊት ቢሄዱ 18.50 በአራት ሰው በሰባት ቀን ተባዝቶ 518 ዶላር ይመጣል። እዚያ ሕፃንም እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ካርኒቫል ከ2 ዓመት በታች፣ ኖርዌጂያን ከ3 ዓመት በታች ያሉትን አያስከፍሉም። "ልጆች በነጻ" የሚል ማስታወቂያ ስታዩም ነጻ የሆነው የካቢኑ ዋጋ ብቻ ነው፤ ታክሱ፣ የወደብ ክፍያውና፣ ልጁ ከዕድሜ ገደቡ በላይ ከሆነ፣ ቲፑ ለእሱም ይከፈላል።

ገንዘቡ የሚከፋፈለው ካቢናችሁን ለሚያጸዳው፣ ራት ላይ ለሚያስተናግዷችሁና ዓይናችሁ ለማያያቸው ለኩሽናና ለልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች ነው። ካፒቴኑና መኮንኖቹ፣ የሱቅና የካዚኖ ሠራተኞች ከዚህ ድርሻ የላቸውም፤ እስፓው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ ድርጅት የሚሠራ ስለሆነ የራሱ አከፋፈል አለው። ስዊት የያዘ ሰው ባትለር (የግል አገልጋይ) ወይም ኮንሲዬርዥ (ቦታ የሚያስይዝለትና ጉዳይ የሚያስፈጽምለት ሰው) ካለው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ በኖርዌጂያን እነዚህ ሁለቱ ከዕለታዊው ክፍያ ውጪ ናቸው፤ ለእነሱ በእጅ መስጠት የተለመደ ነው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በመጨረሻው ራት ላይ እያንዳንዱ እንግዳ በፖስታ አድርጎ ለአስተናጋጁ፣ ለረዳቱና ለካቢን አስተናጋጁ በእጁ ይሰጥ ነበር። ሮያል ካሪቢያን ራሱ በየሒሳቡ ላይ መጨመር የጀመረው በ2013 ነው። ምክንያቱም ሰው በየምሽቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ አስተናጋጅ ጋ መብላቱን ትቷል፤ አንድ ቀን ቡፌ፣ አንድ ቀን ፒዛ፣ አንድ ቀን የጣሊያን ምግብ ቤት ይሄዳል። ታዲያ ፖስታው ለማን ይሰጥ? ያበሰለው፣ ሳህኑን ያጠበው፣ አንሶላውን የተኮሰው ሁሉ ምንም ሳያገኝ ይቀር ነበር።

አስቀድሞ መክፈል ይሻላል ወይስ መርከቡ ላይ? ቦታ ስትይዙ "ፕሪፔይድ ግራቲዩቲ" የሚል ምርጫ ይሰጣችኋል። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ተመኑ ቢጨምር እናንተን አይመለከትም፤ ጉዞው ከስምንት ወር በኋላ ከሆነ ይህ ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ቀን ሒሳብ አያስደነግጥም። የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ትራቭል ኤጀንቱ ወይም ኩባንያው "ኦንቦርድ ክሬዲት"፣ ማለትም መርከቡ ላይ ብቻ የምታወጡት ገንዘብ፣ ከሰጣችሁ፣ በተለይ ካልተጠቀማችሁበት የማይመለስ ዓይነት ከሆነ፣ ቲፑን ቀድማችሁ አትክፈሉ። መርከቡ ላይ ይቆረጥና ክሬዲቱ ይሸፍነው፤ አለዚያ መጨረሻ ላይ ክሬዲቱ ባክኖ እንዳይቀር ብላችሁ የማትፈልጉትን ቲሸርት ስትገዙ ትገኛላችሁ። አንዳንድ የማስተዋወቂያ ክሬዲት ግን ለቲፕ አይውልም፤ ደንቡን አንብቡ ወይም ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ።

አስቀድሞ የከፈለ ሰው በሁለተኛው ቀን ማየት ያለበት ነገር አለ። በመርከቡ አፕ ወይም በካቢኑ ቴሌቪዥን ላይ ሒሳባችሁን ክፈቱና ዕለታዊው ክፍያ እንደገና እየተቆረጠ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። በተለይ በኤጀንት በኩል የከፈላችሁት መረጃ ወደ መርከቡ በትክክል ሳይተላለፍ ሊቀር ይችላል። ቲፑ ለብቻው በተጻፈበት መስመር ያለውን ኢንቮይስ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ባሕር ላይ ኢንተርኔት ውድ ስለሆነ ኢሜይል ውስጥ መፈለጉ ያስቸግራል። ጌስት ሰርቪስ፣ ማለትም የመርከቡ የእንግዶች ጉዳይ ጠረጴዛ፣ ወረቀቱን ካየ ያስተካክለዋል።

አሁን ብዙ ገንዘብ ሳይታወቅ ወደሚፈስበት ቦታ እንምጣ። ባር ላይ፣ ልዩ ምግብ ቤት ውስጥ፣ እስፓ ውስጥ፣ ቡና ቤቱ ላይ ሳይቀር ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ዋጋው ላይ ተደምሮ ነው የሚመጣው። ይህ ከዕለታዊው የተለየ ነው። አንድ የኮክቴል ደረሰኝ እንይ። ዋጋው 14 ዶላር ይላል። ከሥሩ 18 በመቶ ቲፕ፣ 2.52። ድምር፣ 16.52። ከዚያ በታች "አዲሽናል ቲፕ" የሚል ባዶ መስመር፣ ከእሱም በታች "ቶታል" የሚል ሌላ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ፊርማ። አሜሪካ ምግብ ቤት የለመደ እጅ ባዶውን መስመር ሲያይ ሳያስብ 20 በመቶ ይጽፍበታል፤ 3.30። እንግዲህ በ14 ዶላር መጠጥ ላይ 5.82 ቲፕ ሆነ፤ ከ40 በመቶ በላይ ማለት ነው። ባዶው መስመር ግዴታ አይደለም። ሰረዝ አድርጉበት፣ ድምሩን ከሥሩ ድገሙትና ፈርሙ።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ብዙ ያስወጣናል። አስተናጋጁ ፊት ቆሞ ሰረዝ ማድረግ ያሳፍራል የሚል ሰው ሞልቷል። እሱ ግን 18 በመቶው እንዳለ ያውቃል፤ ሰረዙ አያስቀይመውም። ደስ ካሰኛችሁና መጨመር ካማራችሁ በመጀመሪያው ምሽት አንድ ሁለት ዶላር በጥሬው ስጡ። ስማችሁንና የምትጠጡትን የሚይዝላችሁ ያኔ ነው። በየደረሰኙ ላይ ከሚበተነው አሥራ አምስት ዶላር ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ።

"የመጠጥ ጥቅል በነጻ" የሚለውም እንዲሁ ዓይን ይፈልጋል። ጥቅሉ ነጻ ነው፤ በጥቅሉ ዋጋ ላይ ያለው ቲፕ ግን አይደለም። የጥቅሉ መደበኛ ዋጋ በቀን 109 ዶላር ተብሎ ከተቀመጠና ቲፑ 20 በመቶ ከሆነ በቀን 21.80 ትከፍላላችሁ። ለሰባት ቀን 152.60፣ ለባልና ሚስት 305.20 ማለት ነው፤ ይህም ቦታ ስትይዙ ነው የሚከፈለው። አልኮል ለማይጠጣ ሰው ወይም በቀን አንድ ብርጭቆ ወይን ለሚበቃው "ነጻው" ጥቅል ኪሳራ ነው። ጥቅሉን ትቶ ሌላ ጥቅም መምረጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ካርድን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ። ስትመዘገቡ ዴቢት ካርድ ከሰጣችሁ መርከቡ በየቀኑ ከምታወጡት ጋር የሚመጣጠን ገንዘብ ባንካችሁ ላይ ያስይዛል፤ መጨረሻ ላይ እውነተኛው ሒሳብ ከተቆረጠ በኋላም ያ የተያዘው ገንዘብ ለቀናት ሳይለቀቅ ሊቆይ ይችላል። የቤት ኪራይ የሚከፈልበትን ሒሳብ ካርድ አትስጡ። ክሬዲት ካርድ የሌለው ሰው ጌስት ሰርቪስ ሄዶ ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ይችላል፤ የተረፈው በመጨረሻ ይመለስለታል።

ስለማስሰረዝ። ከአሜሪካ በሚነሱት በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ላይ ዕለታዊው ቲፕ በሕግ ግዴታ አይደለም፤ ጌስት ሰርቪስ ሄዶ መቀነስ፣ መጨመር፣ ጨርሶ ማስነሳትም ይቻላል። ምክንያቱን ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ፎርም ያስሞላሉ። ይህ መደረግ ያለበት ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት፣ ማለትም ከመጨረሻው ሌሊት በፊት ነው። ከወረዱ በኋላ ማስመለስ አይቻልም ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ይቻላል ማለት ግን ይገባል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ መርከቦች የተመዘገቡት እንደ ባሃማስ፣ ፓናማ፣ ማልታና ቤርሙዳ ባሉ አገሮች ነው፤ የአሜሪካ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ ሠራተኞቹን አይመለከታቸውም። ካቢን የሚያጸዳው ሰው ለወራት ባሕር ላይ ይቆያል፤ ሙሉ የዕረፍት ቀንም የለውም። ከገቢው ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከዚህ ቲፕ ነው። "ለሚገባው ራሴ በእጄ እሰጣለሁ" ብሎ የሚያስነሳ ሰው አለ፤ ሐሳቡ ቅን ሊሆን ይችላል። ግን ዕለታዊው ክፍያ የተነሳበት እንግዳ በእጅ የሰጠውን ገንዘብ ሠራተኛው ለጋራ ሣጥን እንዲያስረክብ የሚያዝዙ ኩባንያዎች አሉ። ልብስ ያጠበው ሰው ደግሞ ከናካቴው አያገኝም። አገልግሎቱ በእውነት ከከፋ፣ ካቢኑ ሳይጸዳ ከዋለ፣ ያኔውኑ በሁለተኛው ቀን ለጌስት ሰርቪስ ንገሩ። ብዙውን ጊዜ የሚፈታ ነገር ነው። መጨረሻ ቀን ላይ ሄዶ መሰረዝ ችግሩን አይፈታም፤ ምንም ያላጠፋውን ኩሽና ይቀጣል እንጂ።

ታዲያ ዕለታዊው ከተከፈለ በእጅ ለማን ይጨመራል? ግዴታ ለማንም። ልማዱ ግን አለ። ለካቢን አስተናጋጅ ለሰባት ሌሊት ከ20 እስከ 40 ዶላር ለአንድ ካቢን፤ ልጆች ብስኩት የሚፈረፍሩበት፣ ተጨማሪ አልጋ በየማታው የሚዘረጋበት ካቢን ከሆነ ወደ ላይኛው። በየምሽቱ አንድ አስተናጋጅ ጋ ከበላችሁ ለእሱ 20፣ ለረዳቱ 10። ሩም ሰርቪስ ለሚያመጣው 2 ወይም 3 ዶላር፤ ማድረሻ ክፍያ ቢኖርም ይህ ለየት ያለ ነው። ለጌስት ሰርቪስ ሠራተኛና ለመኮንን አይሰጥም።

በጾም ወቅት የሚጓዝ ሰው የተለየ ጉዳይ አለው። ወተትና ቅቤ ሳይነካው መብላት መርከብ ላይ ከባድ አይደለም፤ "ቪጋን" ብላችሁ ቦታ ስትይዙ አስመዝግቡ፤ በመጀመሪያው ራት ደግሞ ለሄድ ዌይተሩ (ለአስተናጋጆቹ አለቃ) ንገሩት። እሱ የነገውን ሜኑ ዛሬ ማታ ያመጣላችኋል፣ ትመርጣላችሁ፣ ኩሽናው ለብቻ ያዘጋጃል። ዓሣ ትበሉ እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩት፤ "ቪጋን" ካላችሁ ዓሣም አይመጣም። ሐላል የሚፈልግም አስቀድሞ፣ ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብሎ ማሳወቅ አለበት። ሄድ ዌይተሩ በየማታው ይህን ከሠራላችሁ በመጨረሻ 10 ወይም 20 ዶላር ይገባዋል። ምንም ካልሠራና በመጨረሻው ምሽት ብቻ ፈገግ ብሎ ጠረጴዛችሁን ከዞረ አይገባውም።

የሚሰጥበት ጊዜ የመጨረሻው ምሽት ነው እንጂ የመውረጃው ጠዋት አይደለም። በዚያ ጠዋት የካቢን አስተናጋጁ ቀትር ላይ ለሚገቡት አዲስ እንግዶች ካቢኖቹን ሁሉ ሲገለብጥ ነው የሚውለው፤ ላታገኙት ትችላላችሁ። ሌላም አለ፦ ሻንጣችሁን በዚያ ምሽት እስከ 11 ፒኤም (በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት) አካባቢ ደጅ እንድታወጡ ይነገራችኋል። ፖስታው ሻንጣው ውስጥ ከገባ አለቀ፤ ሻንጣውን የምታገኙት ወደብ ላይ ነው። ገንዘቡን በእጅ ቦርሳ አድርጉት።

ዝርዝር ገንዘብ ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ባንክ ሄዳችሁ ሃያ ባለ 1 ዶላርና አሥር ባለ 5 ብትይዙ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ ለካቢን አስተናጋጁ ደግሞ ባለ 20። መርከቡ ላይ ያለው ኤቲኤም ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ የጌስት ሰርቪስ ሰልፍ በመጨረሻው ማታ ረጅም ነው። የካዚኖው ካሸር ዝርዝር ይሰጣል፤ ግን መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም ካዚኖ ብዙ ጊዜ ዝግ ስለሆነ በባሕር ቀን ሂዱ። ኖቶቹ ንጹሕ ይሁኑ። አዲስ አበባ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር ይዞ ለመመንዘር የሞከረ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃል፤ የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያው ሠራተኛም አገሩ ሲገባ እንደዚያው ነው የሚባለው።

ወደቡ ላይ ሻንጣ የሚቀበሏችሁ ፖርተሮች የመርከቡ ሠራተኞች አይደሉም። የወደብ ሠራተኞች ናቸው፤ ዕለታዊው ቲፕ አይደርሳቸውም። ለአንድ ሻንጣ 1 ወይም 2 ዶላር ልማዱ ነው፤ አራት ሻንጣ ከሆነ 5 ስጡና ጨርሱ። ካልሰጠን ሻንጣው ይቀራል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ሻንጣው የሚሄደው በላዩ ባለው የካቢን ቁጥር ነው። ይልቅ የካቢን መለያ ወረቀቱ በደንብ መታሰሩን እዩ።

በየወደቡ የምትወጡበት ጉብኝት በመርከቡ በኩል የተገዛ ቢሆንም ቲፕ ዋጋው ውስጥ የለም። በካሪቢያን ለአስጎብኚ በሰው 5 ዶላር ለግማሽ ቀን፣ እስከ 10 ለሙሉ ቀን፤ ለሹፌሩ 2። ባሃማስ ናሳውና ሜክሲኮ ኮዙሜል ላይ ዶላር እንደልብ ይሠራል፤ ኮዙሜል ላይ የአሜሪካ ሳንቲም ግን አትስጡ፣ ባንክ ሳንቲም አይመነዝርላቸውም። አላስካ አሜሪካ ስለሆነ ልማዱ የአሜሪካ ነው። አውሮፓ ላይ ዩሮ ያዙ፤ የሚጠበቀው መጠንም ያንሳል።

እስካሁን ያለው በአሜሪካ ገበያ ላይ ያሉትን መርከቦች የሚመለከት ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ ከግንቦት 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዕለታዊውን ቲፕ በዋጋው ውስጥ አካቶታል፤ ማሬላም እንዲሁ። ሪጀንት፣ ሲልቨርሲና ሲቦርን የመሳሰሉት ውድ መርከቦችም አካተዋል፤ እዚያ በየቦታው ገንዘብ ማውጣት ያስገርማቸዋል። ኤም ኤስ ሲ በተባለው ኩባንያ መርከቦች "ሆቴል ሰርቪስ ቻርጅ" የሚባል መስመር ፈልጉ፤ ትኬቱ ውስጥ ይግባ ወይም መርከቡ ላይ ይቆረጥ እንደተገዛበት አገር ይለያያል። ከሉክሶር ወደ አስዋን የሚሄዱት የናይል ጀልባዎች ጨርሶ ሌላ ዓለም ናቸው፦ በመጨረሻው ቀን መቀበያው ላይ ለሠራተኞች ሁሉ የሚሆን ሣጥን ወይም ፖስታ ይቀመጣል፤ አስጎብኚውና ሹፌሩ ከዚያ ውጪ ለየብቻቸው ይሰጣቸዋል።

በመጨረሻው ማታ ሒሳባችሁን አፑ ላይ ከላይ እስከ ታች ውረዱበት። የዕለታዊው ቲፕ መስመሮች ከሰውና ከሌሊት ቁጥር ጋር ይመሳሰሉ፤ ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ጭራሽ አይኑሩ። "አዲሽናል ቲፕ" ላይ ያልጻፋችሁት ቁጥር ካለ የደረሰኙን ኮፒ ጠይቁ፤ የእጅ ጽሑፍ 1ን 7 አስመስሎ የሚነበብበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ከመውረዳችሁ በፊት ጨርሱት፤ ከወረዳችሁ በኋላ በኢሜይል ሲከራከሩ ሳምንታት ያልፋሉ።

በኋላ የዳሰሳ ጥያቄ በኢሜይል ይመጣል። ያገለገሏችሁን ሰዎች ስም ከደረት ባጃቸው ላይ አንብባችሁ ከሥራ ክፍላቸውና ከካቢን ቁጥራችሁ ጋር ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ከወጣችሁ እዚያ ላይ መጻፍ ትችላላችሁ፤ "አስተናጋጃችን ጥሩ ነበር" ብቻ ከተባለ ማን እንደሆነ አይታወቅም። በስም የተጠራ ሠራተኛ ምስጋናው በአለቃው በኩል ይደርሰዋል፤ ለዕድገትና ለቀጣይ ኮንትራትም ይቆጠርለታል።